ከጀርባ ብርሃን ሲመጣ ፊት እንዳይጠቁር፦ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ኤልኢዲ ወይስ ሪፍሌክተር?

ምሽት 12 ሰዓት ሊሆን ነው። ሙሽራዋ መስኮቱን ከጀርባዋ አድርጋ ቆማለች። በአውቶ ሲነሳ ሰማዩ ያምራል፣ ፊቷ ግን ይጠቁራል። «ጨለማ የሚችል ሌንስ ልግዛ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ገንዘቡ ያለቦታው ይወጣል። የብርሃን ማነስና የጀርባ ብርሃን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ኤፍ 1.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፍቶ ይከፈታል) ፊቱንም መስኮቱንም እኩል ያደምቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ይቀራል። ልዩነቱን ለማጥበብ ወይ ሰውየውን ማዞር ነው፣ ወይ ፊቱ ላይ ብርሃን መጨመር።

ከመግዛት በፊት ግን ካሜራው ውስጥ ያለውን በነፃ ይሞክሩ። የካሜራ ሜትር (ብርሃን ለኪው) ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መሳብ ይወዳል። ደማቅ መስኮት ሲያይ ያጠቁራል፤ ያኔ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚቀበለውን ብርሃን) ከ1 እስከ 2 ስቶፕ መጨመር ነው (1 ስቶፕ ማለት እጥፍ ብርሃን ነው)። በስፖት (ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው ስልት) ፊትን ብቻ ከለኩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጠቆር ያለ ፊት ላይ ሜትሩ ከልክ በላይ ያደምቃል፣ ቆዳው አመድ ይመስላል፣ ስለዚህ ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ይቀንሱ። ነጠላው ላይ ከለኩ 1.5 ስቶፕ ያህል ይጨምሩ። በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ማንሳትም አይዘንጋ። ይህን ሁሉ አድርገው ፊቱ ደህና ሆኖ መስኮቱ ባዶ ነጭ ወረቀት ከመሰለ፣ የጎደለው ብርሃን ነው።

ሌንሱ

50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከካሜራው ጋር ከሚመጣው ሌንስ (ሲያቀርብ ኤፍ 5.6) ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ይጠይቅ የነበረው ፎቶ በ640 ይነሳል ማለት ነው። የጧፍ ብርሃን ባለበት፣ ፍላሽ በማይፈቀድበት ቦታ ይህን የሚተካ የለም። ጉዳት ግን አለው፦ ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ላይ በ1.5 ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓይኑ ጠርቶ ጆሮው ይደበዝዛል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሆነ አንዱ ይጠፋል። ብርሃን ከፊት ሲመጣበት ደግሞ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል፤ ርካሽ የዩቪ ፊልተር ካለ ይነቀል፣ የአምፖሉን ቅጂ ፎቶው ላይ የሚረጨው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራ ያለው ሰው አሮጌውን «ዲ» ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብሎ እንዳይገዛ፦ ካሜራው ውስጥ ሞተር ስለሌለ ፎከስ በእጅ ብቻ ነው። «ጂ» የተጻፈበትን ይምረጡ።

ፍላሽ ከኤልኢዲ ጋር

እውነተኛው ምርጫ እነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። 60 ዋት ኤልኢዲ በ1/125 ሰከንድ የሚጠቀመው ኃይል ግማሽ ጁል አይሞላም፤ እንደ ጎዶክስ ቪ860-3 ያለ ፍላሽ በሙሉ ኃይል 76 ጁል በአንድ ብልጭታ ይለቃል። ኤልኢዲ ኤሌክትሪኩን በተሻለ ወደ ብርሃን ይለውጣል ብንልም ልዩነቱ ብዙ አሥር እጥፍ ነው። ገና ያልጨለመ ሰማይ ከጀርባ ካለ ትንሽ የኤልኢዲ ፓኔል አይደርስበትም። ርቀቱን በእጥፍ ሲያሳድጉ ደግሞ ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፤ 1 ሜትር ላይ ያማረው ፓኔል 2 ሜትር ላይ የለም ማለት ይቻላል።

በፍላሽ አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍላሹ ጠፍቶ፣ ካሜራው በኤም (ሁሉን በእጅ በሚያስተካክሉበት) ሆኖ፣ ለመስኮቱ ብቻ ይለኩ፤ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ 1/125 ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ፍላሹን በ1/16 ኃይል አብርተው ጭንቅላቱን ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ጎን ግድግዳ ያዙሩ። ፊቱ ከጠቆረ 1/8፣ ከነጣ 1/32። ሰማዩ ብቻ እንዲጠቁር ከፈለጉ ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ያፍጥኑ፤ ሸተር የፍላሹን ብርሃን አይነካም። ገደቡ እንደ ካሜራው ከ1/160 እስከ 1/250 ነው፤ ካለፉት ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል።

ጣሪያው ነጭ ካልሆነ ግን ችግር አለ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሳሎን ፊትን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ባለቀለም የሠርግ ድንኳንም እንዲሁ። ያኔ ፍላሹን ከካሜራው ነጥሎ ትንሽ ሶፍት ቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ውስጥ ማስገባት ይሻላል፤ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው) እና ስታንድ በበጀቱ ላይ ይደመሩ። ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ሲቲኦ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ላስቲክ) አድርገው ነጩን ሚዛን (ዋይት ባላንስ) 3200 ኬልቪን ላይ ቢያስቀምጡት ፊቱ ተፈጥሯዊ ሆኖ የምሽቱ ሰማይ ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል። ለዚህ ጄል የሚወጣው ገንዘብ ከሁሉም ትንሹ ነው።

ኤልኢዲ የሚያሸንፍባቸው ቦታዎች አሉ። ቪዲዮም የሚቀርጽ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። ጀማሪ ጥላው የት እንደወደቀ ከማንሳቱ በፊት ያያል። ሲገዙ ሲአርአይ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 95 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ዝቅተኛው ቡናማ ቆዳን ያደበዝዛል፣ ከንፈርንም ሕይወት ያሳጣዋል። ርካሽ ፓኔልና የቤት አምፖል ከመብራት ኃይል ጋር ይርገበገባሉ፦ ኢትዮጵያና አውሮፓ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩ 1/50 ወይም 1/100፣ አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ወይም 1/125 ይሁን፣ ካልሆነ ፎቶው ላይ ሽንትር ይታያል።

ሪፍሌክተር ርካሽ ነው፣ ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በ80 ሴንቲ ሜትር ነጭ ገጽ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ፊት መመለስ ያምራል፤ ሲመሽ ጨርቅ ነው። የሚይዘው ረዳትም ይፈልጋል።

ሠርግና ልደት ለሚያነሳ ሰው መጀመሪያ ፍላሽ፣ ከዚያ ሌንስ ነው። ከፍላሾቹ ደግሞ ጎዶክስ ቲቲ600 ከቪ860-3 ይረክሳል፣ በ4 ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ኃይሉን ግን በእጅ ማስተካከል ግድ ነው። ቪ860-3 በቲቲኤል ራሱ ይለካል፣ የሚሞላ ሊቲየም ባትሪውም በሙሉ ኃይል በ1.5 ሰከንድ ለሚቀጥለው ብልጭታ ይደርሳል። ሙሽሮች እየተራመዱ ሲገቡ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው፤ ሰውን አስቀምጦ ለሚያነሳ ግን ቲቲ600 ይበቃል።

ያገለገለ ከሆነ የድንጋይ ቤቱ ብረት ላይ አረንጓዴ ዝገት እንዳለ ይዩ፣ በሙሉ ኃይል 10 ጊዜ ያስነሱት፣ በየመካከሉ የሚያርፍበት ጊዜ እየረዘመ ከሄደ ይተዉት። ሙከራው በሻጩ ሳይሆን በራስዎ ካሜራ ይሁን፦ ካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ የፍላሽ መሰኪያቸው መካከለኛዋ ፒን ስለሌላት በአንድ ፒን ብቻ የሚሠራው ቲቲ600 እነሱ ላይ ተሰክቶ አይነሳም።