ሲያትል ወይስ ሎስ አንጀለስ? ከጓደኛ ጋር የሚታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ዐውደ ርእይ

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን ቅርሶች ከጓደኞቹ ጋር ማየት ለሚሻ ሰው በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሁለት ሙዚየሞች ይገኛሉ። የሲያትሉ የፖፕ ባህል ሙዚየም፣ ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ የነበረው ፖል አለን እ.ኤ.አ. በ2004 ራሱን የቻለ የሳይንስ ልብ ወለድ ሙዚየም በዚያው ሕንጻ ከከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ለዘርፉ ሰፊ ቦታ የሰጠ በመሆኑ፣ ደራሲውንና ፊልም ሠሪውን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል። ፍራንክ ጌሪ የነደፈው፣ ሞኖሬይል የተባለው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር ሰንጥቆት የሚያልፈው ሕንጻም ራሱ ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው የሎስ አንጀለሱ የአካዳሚ ሙዚየም (የኦስካር ሽልማት ሰጪው ተቋም ሙዚየም) ግን መላውን ሲኒማ የሚመለከት ስለሆነ፣ ሳይንስ ልብ ወለድ በውስጡ ያለው ድርሻ አነስ ያለ ነው። እኔ ግን የማደላው ወደዚህኛው ነው። «ኢ.ቲ.» በተሰኘው ፊልም የምናውቀውን ፍጡር እዚያ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያዩት፣ በልጅነት ያስለቀሰን ያ ፊት እያንዳንዱ ሽብሽቡ ሳይቀር የሰው እጅ ሥራ መሆኑን መረዳት ልብን በአድናቆት ይሞላል። ከሙዚየሙ ወጥተው በፌርፋክስ ጎዳና ወደ ደቡብ በእግር ቢሄዱ ደግሞ ሊትል ኢትዮጵያ ይደርሳሉ፤ ከጓደኛ ጋር ሲሆን፣ ያዩትን ነገር እንጀራ ቀርቦ፣ ቡና ተፈልቶ እስኪመሽ የሚከራከሩበት ቦታ በቅርብ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።