በደብረ ብርሃን ውርጭ ለወራት የተጠቀምሁበት ዲጂታል ቴስተር

ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ ከኅዳር እስከ ጥር አሮጌ መኪና ማለዳ ማስነሣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያላት ቶዮታ ኮሮላዬ ማልዳ አልነሣ ስትል አንድ ጋራዥ ባትሪው እንዲቀየር ነገረኝ፤ እኔ ግን ባትሪውን ትቼ ይህን ርካሽ ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ገዛሁ።

በደንብ የተሞላ ባትሪ አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያነብባል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ተሟጧል። የእኔ 12.5 ነበር። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ሲዞርም ከ10 በታች አልወረደም፤ ሆኖም ሞተሪኖው የሚዞረው እየተጎተተ ነበር። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አሳርፌ ልጄ ቁልፉን ለማስነሣት አዙሮ እንዲይዝልኝ ሳደርግ፣ ከ0.5 ማለፍ የማይገባው ንባብ ከ1 ቮልት በለጠ። የማሳው (የኔጌቲቩ) ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ዝጎ ኖሮ፣ በብረት ብሩሽ ተፍቆ አጥብቆ ሲታሰር መኪናዋ ተነሣች፤ ባትሪውም እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋውን መልሷል እላለሁ።

እየሄደች ሞተሯ ለሚጠፋ መኪና ግን ጥቅሙ ውስን ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥተው የጣርማ በርን ዳገት ሲወጡ ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ ሊተንንና ፖምፓው መሳብ ሊያቅተው ይችላል፤ ከፍ ባለ ቦታም አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛና ሚኒሞው (ሞተሩ ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ይረበሻል። ቴስተሩ ሁለቱንም አያይም። የሚያደርገው ፍለጋውን ማጥበብ ነው፦ መኪናዋ እንደጠፋች ቁልፉ ተከፍቶ በኮይሉ (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት በሚያመነጨው) ፖዘቲቭ ላይ ቮልት ከታጣ፣ ጥፋቱ ከቁልፉ ወይም ከፊውዙ መስመር ይፈለጋል፤ ካለ ግን የካንዴላው እሳት ይፈተሻል፣ እሳቱ ደኅና ከሆነም ወደ ቤንዚኑ ይኬዳል። የእኔ ነገር ቤንዚን ነበር፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያለ ምንም ጥገና ተነሣች።

ከጉድለቶቹ ዋናው የራሱ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ከእውነቱ የበለጠ ቁጥር ማሳየቱ ነው፤ ይህም የደከመን የመኪና ባትሪ ጤነኛ ያስመስላል። መስታወቱ መብራት የለውም፣ በውርጭ ማለዳም ቁጥሩ ለመቀየር ይዘገያል። ገመዶቹ ስስ ስለሆኑ መቆንጠጫ ባላቸው ለውጫቸዋለሁ። የአምፔር መለኪያው እስከ 10 ብቻ በመሆኑ፣ ከ100 በላይ የሚስበውን ሞተሪኖ በእርሱ ለመለካት ፈጽሞ አይሞከርም።