ለታመመች ጫጩት፦ አምፖል ወይስ ሙቅ ውሃ?

ኮዬ ፈጬ የሐምሌ ሌሊት ቀልድ አያውቅም። አንዷ ጫጩቴ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና አገኘኋት። ከሌሎቹ ለይቼ ካርቶን ውስጥ አስገባኋት። መጀመሪያ ሙቀት ነው፤ ምግቡ ይደርሳል።

አምፖል ምቹ ነው። ግን የድሮው ቢጫው መሆን አለበት፤ ኤልኢዲው እዚህ ግባ የሚባል ሙቀት የለውም። ከካርቶኑ አንድ ጥግ በላይ በደንብ ታስሮ ይንጠልጠል፤ ወድቆ ጭዱን እንዳያቃጥል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ እሷን እዩ። አፏን ከፍታ ካለከለከች በዝቷል፤ ተኮራምታ ከጮኸች አንሷል።

ችግሩ መብራት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እልም!

ያኔ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጎኗ ይቀመጣል። እንደ እናቷ ትለጠፍበታለች። ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ እንቅልፍ ደህና ሰንብት።

እኔ ለአምፖሉ አደላለሁ፤ ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ ሳልይዝ ግን አልተኛም። ስትሞቅ ስኳር ጣል የተደረገበት ለብ ያለ ውሃ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ጠብ አድርጉላት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ አታፍስሱ። ኩሷ ደም ካለው ግን ሁለቱም አያድኗትም፤ በጠዋት ወደ እንስሳት ሐኪም።