ስለ «በሐኪም እገዛ መሞት» የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ፦ ከ5 ኮከብ 3

ይህን ኮርስ የገዛሁት እናቴን ካስታመምኩና ካረፈች በኋላ ነው። 8 ክፍል አለው። ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ ደክመውበታል።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። ሕጉን ሲያስረዱ አንደኛ ናቸው። እኔ የተፈቀደበት አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ለካ አይገናኝም! በአሜሪካዋ ኦሬገን ግዛት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሙ የሚገድለውን መድኃኒት ያዝዛል እንጂ አይሰጥም፤ የሚወስደው በሽተኛው ራሱ ነው፣ ያውም ሁለት ሐኪሞች ከ6 ወር በላይ አይቆይም ካሉ ብቻ። በ2002 ሥራ ላይ በዋለው የኔዘርላንድስ ሕግ ግን ሐኪሙ ራሱ መርፌውን መውጋት ይችላል፣ የወር ቆጠራም የለም፤ የሚታየው ስቃዩ የማይቻልና መሻሻል የሌለው መሆኑ ነው። ካናዳ በ2016 ፈቀደች፣ በ2021 ደግሞ ሞቱ ላልቀረበ ሰውም ከፈተችው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የተቆጡት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሞርፊን (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው) ያለው ክፍል ለብቻው ገንዘቡን ያወጣል። ሕመም ለማስታገስ በልኩ መስጠትና ለመግደል መስጠት አንድ አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ «እገድላት ይሆን» ብዬ የእማዬን የሌሊት መድኃኒት ሁለቴ ዘልያለሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ኦሬገን ውስጥ መድኃኒቱን የጠየቁ ሰዎች ምን እንደሚያሳስባቸው በየዓመቱ ይመዘገባል። ከላይ የሚቀመጠው ሕመም ሳይሆን ራስን መቻል ማጣት ነው። ከ10 ሰው 4 ወይም 5 ያህሉ ደግሞ «ለቤተሰቤ ሸክም እሆናለሁ» የሚለውን ያነሳሉ። ኮርሱ ይህን በአንድ ስላይድ ያልፈዋል። ዋናው ጉዳይ እኮ እሱ ነበር!

6ኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ልጆቿን ማስቸገር የማትፈልግ አሮጊት ታሪክ ይቀርብና «በነፃ ፈቃዷ ወስናለች?» ይላል። አዎ ወይም አይደለም፣ ሁለት ቁልፍ።

እማዬ ባገላበጥኳት ቁጥር «አደከምኩሽ ልጄ» ትል ነበር። «ተይ እንጂ እማዬ» እላታለሁ። አንድ ሌሊት ለሦስተኛ ጊዜ ውኃ ስትጠይቀኝ ምንም አላልኩም፣ ኡፍ ብቻ ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ውኃ ጠይቃኝ አታውቅም። ጠዋት ከንፈሯ ደርቆ አገኘዋለሁ። ያኔ አንድ ሐኪም ወረቀት ይዞ መጥቶ «ያስገደደሽ ሰው አለ?» ቢላት ማንም የለም ነበር የምትለው፣ አእምሮዋም ንጹሕ ነበር፣ ሁለተኛው ሐኪም ቢመጣም ያው፤ የእኔን ኡፍ የሚጽፉበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም።

ይከልከል እያልኩ አይደለም። ምንም መድኃኒት ያልያዘለትን ሕመምተኛ አይቼ «ቻለው» የምልበት አንደበት የለኝም። ግን ይህ በሁለት ቁልፍ የሚያልቅ ነገር ነው?

ሕጉን ብቻ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግዙት፣ ድምፁም ጥራት አለው። እኔ ግን ሁለቱንም ቁልፍ ሳልነካ ዘጋሁት። ሳይጫኑ ደግሞ ወደ 7ኛው ክፍል አያሳልፍም፣ ስለዚህ ይህን የጻፍኩት 6ቱን ብቻ አይቼ ነው።