አቲካችሁ (ከጣራው ስር ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ) ያስቸገራችሁ የዲኤምቪ (የዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ሐበሾች ይሄን ልጅ ጥሩት

ሰላም እንደምን ከረማችሁ። እኔ ብዙ ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም፣ ግን አቲካችንን የሠራልንን ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እናቴ አትለቀኝም፣ በየቀኑ "ጻፍሽለት ወይ?" ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ከገዛን አራት ዓመታችን ነው። አምና ዊንተር ላይ የፎቁ መኝታ ቤት ኮርኒስ ጥቁር ነጠብጣብ ማውጣት ጀመረ። ጣራው ያፈሳል ብለን ሰው ጠራን። አይ የኛ ነገር! የመጀመሪያው መሰላል እንኳን ሳያወርድ ከታች ሆኖ አንጋጦ አየና "ጣራው በሙሉ ይቀየራል፣ 16 ሺህ ዶላር" አለን። ሁለተኛው የሆነ ነገር ረጭቶ 350 ተቀብሎ ሄደ፣ በሁለት ወሩ ጥቁሩ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛው ደግሞ "አቲካችሁ ታፍኗል" ብሎ 900 ዶላር ፋን ገጠመልን፣ ሰመር ሲገባ ፎቁ ምድጃ ሆነ፣ ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፣ የመብራት ቢሉን ባለቤቴ ከኔ መደበቅ ጀመረ፣ ሰውየው ጋ ብንደውል ብንደውል ስልክ አያነሳም። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ እዛ ሙቀት ውስጥ ስትገላበጥ ሳይ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ከዛ ቤተክርስቲያን አንዲት እህት የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠችኝ። "ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ፣ ፀሐይ ከበረታ በኋላ እዛ ውስጥ አይቆምም" አለኝ፣ በሰዓቱ መጣ። እናቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና አቲኩ ውስጥ ወጣ። አንድ ሰዓት ከምናምን ቆየ! የበፊቶቹ አንዳቸውም እንዲህ ገብተው አላዩትም። ሲወርድ ፀጉሩ ሁሉ ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያልፍ አቲኩ ወለል ላይ የሚነጠፈው ነገር) ሆኗል፣ ሶፋው ይቆሽሻል ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ቡናውን እየጠጣ የፖስታ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመረ። የአቲኩ ወለል 1200 ስኩዌር ፊት ነው፣ ለ300 ሲካፈል 4 ስኩዌር ፊት አየር ማስገቢያና ማስወጫ ይበቃዋል፣ ግን ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች ከሆነ ነው፣ ካልሆነ ለ150 ነው የሚካፈለው፣ እጥፉ ማለት ነው። ለምን 300 እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፣ አስረድቶኝ ነበር።

ብቻ ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የላይኛው ቀዳዳ በቂ ነው፣ የታችኛው፣ ጣራው ጠርዝ ስር ያለው፣ በኢንሱሌሽን ተቀብሯል። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ያ 900 ዶላር የበላው ፋን ከታች አየር ሲያጣ በኮርኒሱ ስንጥቅ የኛኑ የቀዘቀዘ አየር እየሳበ ወደ ውጭ ሲተፋ ነው የከረመው! የሻወር ቤቱ ቱቦ ደግሞ ከቦታው ወልቆ እንፋሎቱን እዛው አቲክ ውስጥ ይለቅ ነበር። እናቴ ይሄን ሰምታ "እኛስ ማድ ቤት በሩ ተዘግቶ ጭሱ በጣራ መቼ ይወጣል?" ስትለው ሳቀና "እማማ፣ እርስዎን ቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ ፋኑን አይገዙም ነበር" አላት። ይኸው ከዛ ቀን ጀምሮ ልጄ ነው የምትለው።

ሌላ ፋን ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ፣ አምነው ነበር። እሱ ግን ፋኑን አጠፋው፣ ኢንሱሌሽኑን በእጁ ከዳር ዳር ጠርጎ እንዳይመለስ የሆነ መከለያ በየእንጨቱ መሃል መታበት፣ ቱቦውን ወደ ውጭ አወጣው፣ በአንድ ቀን ጨረሰ፣ 480 ዶላር። ያን ጥቁር ሻጋታ ግን "እኔ አልሠራውም እህቴ፣ መጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ፣ ከዛ የሚያውቅ ሰው ጥሪ" አለኝ። አልችልም የሚል ባለሙያ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

አሁን ፎቁ ላይ በአንሶላ እየተኛን ነው፣ ቢሉም ወርዷል፣ ባለቤቴም መደበቁን ትቷል። እባካችሁ ጥሩት፣ በተለይ ጣራ ልትቀይሩ ያሰባችሁ መጀመሪያ እሱ ይይላችሁ። ስልኩን ኢንቦክስ እልካለሁ። ቀን ላይ አያነሳም፣ ጣራ ላይ ነው፣ ማታ ደውሉለት። ቡናውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።