ከነቃህ በስንት ደቂቃ ነው?

ይህችን ጽሁፍ የምጽፈው ሲጋራ እንዳቆም የረዳችኝን አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳታነሳ ስላለችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሲጋራ ካቆምኩ ሰባት ወር ሞላኝ። ከዚያ በፊት አራቴ አቁሜ አራቴ ጀምሬያለሁ። «ወንድ አይደለህ? ቁረጥ!» ያላለኝ የለም። እኔም ወኔ የሌለኝ ሰው ነኝ ብዬ አምኜ ተቀምጬ ነበር።

ሲስተር በቀን ስንት እንደማጨስ እንኳ ሳትጠይቀኝ፣ «ከእንቅልፍህ በነቃህ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሰው?» አለችኝ። «ፊቴን ሳልታጠብ» አልኳት። ሱሱ ምን ያህል እንደጠና ከሚናገሩት ምልክቶች ዋናው ይኸው ነው ለካ። ደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን (ሱስ የሚያስይዘው የሲጋራው ንጥረ ነገር) በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳ ሐራራው ቀድሞኝ ነቅቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወረቀት አውጥታ ጭንቅላት ሳለችልኝ (ሥዕል አትችልም፣ ድንች ነው የሚመስለው)። ጭሱን ስንስብ ኒኮቲኑ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያ ዶፓሚን የሚባል የአንጎል ኬሚካል ያስለቅቃል፤ ደስ የሚለን ለዚህ ነው። አንጎል ሲለምደው ኒኮቲኑ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ያበዛል። ሳይደርሳቸው ሲቀር እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል። «ጭንቀቴን የሚያስረሳኝ» የምለው ሲጋራ፣ ባብዛኛው ራሱ ያመጣብኝን ጭንቀት ነበር የሚያስታግስልኝ። ይህን ስሰማ በጣም ነው የተናደድኩት።

ሲጋራ ለማቆም የሚረዳውን የኒኮቲን ማስቲካ ድሮም ሞክሬ ነበር። እንደ ተራ ማስቲካ ሳላምጠው ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ስቅታ ያዘኝ፣ ጣልኩት። አኘካኘኩን ያሳየችኝ እሷ ናት። ቀስ ብለህ ታኝካለህ። ቆንጠጥ ሲያደርግህ ታቆምና ጉንጭህና ድድህ መሃል ትሸጉጠዋለህ። ሲጠፋ እንደገና። ቡና ወይም ለስላሳ ከጠጣህ ደግሞ 15 ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ቡናውንም ቀንስ ብላኛለች። የሚያጨስ ሰው አካል ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል፤ ሲጋራው ሲቆም ያው የለመዱት ስኒ ልብ ያስመታል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን እንደሚከብዱ አስጠንቅቃኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች። «ሐራራው ሲመጣ ሰዓት ያዝበት ወንድሜ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው» አለችኝ። ያዝኩበት። የታጠበ ሳህን ደግሜ እያጠብኩ አለፈ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ወረፋዋ አይቀንስም። ከአንዱ ሰው ጋር ረጅም ሰዓት ትቀመጣለች፣ ውጪ ያለው ይጠብቃል።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ጠዋት የመጀመሪያዋን የለኮሳችሁበትን ሰዓት አስታውሱ። ቀድማ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።