የእናቴን ወረንጦ ላየችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሁፍ ከጥር ጀምሮ እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ሳሳድረው ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት ግን እማዬ ደውላ «ምስሩን ለቅሜ ጨረስኩት» ስትለኝ ከዚህ በላይ ማቆየት ነውር መስሎ ተሰማኝ። ምስር መልቀም ለሌላው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። እናቴ ግን ምስር ከለቀመች ስንት ዓመቷ! ጠጠሩን መለየት አቅቷት ሰፌዱን ለልጆቹ ትሰጥ ነበር።

የማመሰግናት ሰው በሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ ከእነዋሪ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ስሟን አልጽፈውም። «ስሜን አደባባይ አታውጪብኝ፣ ሥራዬ ነው» ብላኛለች፤ አከብርላታለሁ። የሰፈራችን ሰው ግን ሳልነግረውም ማን እንደሆነች ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬን ዓይኗን ማመም የጀመራት ከስምንት ዓመት በፊት ገደማ ነው። ያነባል፣ ይቆረቁራታል፣ ፀሐይ አይችልም። እኛ ጭስ ነው አልን። ዕድሜዋን ሙሉ ኩበት ስታነድ ለኖረች ሴት ዓይኗ ቢያነባ ማን ይገርመዋል? እሷ ደግሞ መፍትሔ ያለችውን ራሷ አገኘች፤ ወረንጦ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ፀሐይ ላይ ትቀመጥና የወንድሜ ትልቋ ልጅ ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ትነቅልላታለች። ጥቂት ቀን ፋታ ታገኛለች፣ ከዚያ እንደገና ያው ነው። ወረንጦው እንዳይጠፋባት ከማተቧ ጋር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነበር የምትውለው። እኔም ወንድሜም ጎረቤቱም ያንን ወረንጦ በየቀኑ እናየው ነበር። አንዳችንም ለምን ብለን አልጠየቅንም።

አንድ ጊዜ ወደ ከተማ አምጥቼ የግል ክሊኒክ አሳየኋት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ የጽሁፌ ጉዳይ እሱ አይደለም። ጠብታ ታዘዘላት፣ ጥቁር መነጽር ገዛን፣ ከፍለን ተመለስን። የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። እኔም «ጸጉሩን እየነቀለች ነው የምትኖረው» ብዬ አልተናገርኩም፤ ከሕመሙ ጋር የሚገናኝ ነገር አልመሰለኝም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው ጥቅምት ይቺ የጤና ባለሙያ ልጅ ቤታችን የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የወንድሜ ሚስት ሕፃኑን ለ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሳትወስደው ቀርታ ነበርና ልትጠይቃት ነው የመጣችው። እማዬ ቡና ስታቀርብላት ጎንበስ ስትል ወረንጦው ከነጠላዋ ወጣ ብሎ ታየ። ልጅቷ የክትባቱን ወሬ አቁማ «እማማ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አለቻት። እማዬ «ለእሾህ» ብላ ልታልፈው ሞከረች። አላለፈቻትም። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እማዬን ወደ ብርሃን አዞረቻት፣ በስልኳ መብራት አየቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ በደንብ አስረዳቻት።

እኔ ነገሩን የሰማሁት ከወንድሜ ሚስት ነው፣ የሰማሁትን እንዳለ ልንገራችሁ። በሽታው ትራኮማ ነው፣ የአገራችን ሰው የዓይን ማዝ የሚለው። የሚይዘው በልጅነት ነው። ጀርሙ ዓይንን ደጋግሞ ባጠቃ ቁጥር የዓይን ቆብ ከውስጥ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይሆናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱም አብሮ ይቀለበስና ብሌኑን ይፍቃል። እማዬ ዓይኗን በጨፈነችና በገለጠች ቁጥር የገዛ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን እየጫረው ነበር ማለት ነው። ወረንጦው ደግሞ ነገሩን አይፈታውም። የተነቀለው ሲበቅል አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይወጋል። «እማማ፣ ጫማዎ ውስጥ እሾህ ገብቶ በላዩ ላይ እየሄዱ ነው ያሉት። ጫፍ ጫፉን እየቆረጡ መሄድ ነው ወይስ ጫማውን አውልቆ ማራገፍ?» አለቻት። እማዬ ይህችን አባባል እስከ አሁን ትደግማታለች።

እንግዲህ እናቴን የሚያውቅ ሰው ያውቃታል፤ ቆቡን የሚያስተካክለውን ቀዶ ሕክምና እሺ አላለችም። መጀመሪያ ጤፉ ሳይሰበሰብ የትም አልሄድም አለች። ቀጥላ «ዓይኔን በምላጭ አልነካም፣ እንዲህ እንዳለሁ ልሙት» አለች። እኔም በስልክ ጮህኩባት፣ ወንድሜም ተቆጣ፣ ምንም አልጠቀመም።

ልጅቷ ግን አልጮኸችም። አራት ጊዜ ተመላለሰች። ሁለተኛውን ጊዜ ስትመጣ ስለ ቀዶ ሕክምናው አንድ ቃል አልተናገረችም አሉ፤ እማዬን «ምኑ ነው የሚያስፈራዎት?» ብቻ ብላ ጠይቃ ስታዳምጥ ቆየች። ለካ ፍርሃቷ ምላጩ ብቻ አልነበረም። ዓይኗ ታስሮ ስትተኛ እንጀራው ማን ይጋግራል፣ ላሟን ማን ያልባል የሚለው ነው። እሱን ከወንድሜ ሚስት ጋር ተነጋግረው ጨረሱት። በሦስተኛው ጊዜ ከማዶ ጎጥ አንዲት አሮጊት ይዛ መጣች፣ ካቻምና የተሠራላቸው። ሁለቱ ሴቶች ቡና እየጠጡ አወሩ፣ ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። በአራተኛው ጊዜ ስትመጣ ቀኑን የቆረጠችው ራሷ እማዬ ናት፤ ከጥምቀት በኋላ።

ቀዶ ሕክምናውን እንደ እኔ ትልቅ ነገር አድርጋችሁ የምትፈሩት ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን ሥራ አስፈቅጄ ከደብረ ብርሃን ሄጄ ነበርና። ጤና ጣቢያ ነው የተሠራላት፣ ለዚሁ በሠለጠነ ነርስ። ቆቡን የሚያደነዝዝ መርፌ ወጓት፣ እሷም የሚሠራውን እየሰማች ታወራ ነበር። ሁለቱም ዓይን ተሠርቶ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ስትወጣ ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት አልሞላም። አንድም ብር አልተከፈለም። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ልጅቷ ከጤና ኬላዋ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሯ መጥታ አጠገቧ ቆማ ነበር። የሚቀባ ቅባት ሰጧት፣ ስፌቱ የሚወጣበትን ቀን ነገሯት፣ ያንንም ቀን ያስታወሰችን እሷ ናት።

እውነቱን ለመናገር የእማዬ ዓይን እንደ ድሮው አልሆነም። በግራ ዓይኗ ብሌን ላይ ነጭ ጠባሳ አለ፣ እሱ አይለቅም። ቀዶ ሕክምናው የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ነው የሚያተርፈው። ግን ሕመሙ የለም። ማልቀሱ የለም። በቀኙ ዓይኗ ምስር ትለቅማለች።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቢያበቃ ይበቃ ነበር። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። የእማዬ ስፌት ከወጣ በኋላ መጣችና «አሁን ደግሞ ወደ ልጆቹ» አለች።

የወንድሜ ልጆች አራት ናቸው፣ ትንሿ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ዓይናቸው ዓይናር፣ አፍንጫቸው ንፍጥ፣ ፊታቸው ላይ ዝንብ። ይህንን ሁላችንም ስናየው ነው የኖርነው፤ የገጠር ልጅ መልኩ እንዲህ ነው ብለን። ልጅቷ «እማማ ላይ ያያችሁት መጨረሻው ነው፣ መጀመሪያው ይሄ ነው» አለቻቸው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄደው በዓይናርና በንፍጥ ነው፤ በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ። የእኛ እናቶች ደግሞ የሕፃኑን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ በዚያው ጫፍ ሌላኛውን ልጅ፣ ኋላ የራሳቸውን ዓይን። ሴቶች ላይ የሚብሰው ሕፃን አቅፈው ስለሚውሉ ነው ስትል የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን ዝቅ ብላ አየችው አሉ። እኔም ይህን ስሰማ የልጅነቴ ነጠላ ነው ትዝ ያለኝ።

«ፊታቸውን እጠቡ» ማለት ቀላል ነው። ውሃው ግን ከሩቅ የሚቀዳ ነው፣ በበጋ ወረፋ አለው። የወንድሜ ሚስትም ይህንኑ ነገረቻት። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ አንድ ጣሳ ውሃ አስመጣችና ቀዳዳ ባበጀችለት ትንሽ ጀሪካን ጨምራ የአራቱንም ልጆች ፊት በየተራ አጠበች። የጎረቤት ልጅም ተጨመረ። ውሃው ተረፈ። ሁሉም ሰው አፉን ይዞ አየ። እኔ ሃያ ጊዜ ብናገር የማይሆነው ነገር በዚያች ጣሳ ሆነ። ጀሪካኑ አሁንም ከበሩ አጠገብ ችካል ላይ ታስሮ አለ፣ ልጆቹ ጠዋት እየተጋፉ ነው የሚታጠቡበት።

መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ ነው። እኔ መጸዳጃ ቤት ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር። ለካ ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አትራባም። ወንድሜ ጉድጓዱን ቆፍሮ ለሁለት ዓመት ሳይሸፍነው ትቶት ነበር፤ አሁን ጣሪያም ክዳንም አለው። ጅሩ ሰንጋ በማደለብ የታወቀ አገር ነው፣ ከብቱም ከቤት አይርቅም። እሱንም ቀስ በቀስ በረቱን ፈንጠር አድርጉት እያለች ነው። ገና አልተሳካላትም፤ ሌባ ይፈራል።

የዓመቱ መድኃኒት ጉዳይ ደግሞ አለ። ለዓይን ማዝ የሚታደለው አዚትሮማይሲን በእኛ ሰፈር «መካን ያደርጋል» ተብሎ ተወርቶበት ሰው ይደበቅ ነበር። የሚሰጠው በቁመት ነው፤ ልጁን ምልክት የተደረገበት እንጨት አጠገብ ያቆሙትና እንደ ቁመቱ ይለኩለታል፣ ለትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ከስድስት ወር በታች ላሉት የዓይን ቅባት። ልጅቷ ወሬውን ለማጥፋት ስብሰባ አልጠራችም። ወደ ቄሱና ወደ እድሩ ዳኛ ሄደች። ሰንበቴ ላይ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ልቡ በተረጋጋበት ሰዓት፣ ቄሱ ራሳቸው ተናገሩ፣ ቀድመው የዋጡትም እሳቸው ናቸው። አገራችን በዓለም ላይ ትራኮማ ከሚበዛባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት፣ በአገራችን ውስጥም የአማራ ክልል ክፉኛ የተጎዳ ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅ አይበቃም፣ ጎረቤቱም አብሮ መዋጥ አለበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሁለት ሴቶች ለአንድ ቀበሌ ተብሎ የተመደበ ነው፤ አንድ ቀበሌ 5,000 ያህል ሰው ሊኖረው ይችላል። ክትባቱ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ወባው፣ መጸዳጃው፣ ሪፖርቱ፣ ሁሉም በእነሱ ትከሻ ነው። በክረምት የእኛ አገር መረሬ ጭቃ ቦቲ ጫማ ነክሶ ያስቀራል። እሷ በዚያ ጭቃ ውስጥ በዱላ እየተመረኮዘች ትመጣለች። ስለ ሥራዋ ክብደት አንድም ቀን ስታማርር የሰማ የለም፤ ቢሰማም ይገባት ነበር።

አሁን ጥቆማዬ። እናታችሁ፣ አያታችሁ፣ አክስታችሁ አገር ቤት ካሉ ዛሬ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዓይንሽ ይቆረቁርሻል ወይ? ሽፋሽፍት ትነቅያለሽ ወይ? ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ አይናገሩትም፤ ያፍራሉ፣ ወይም እንደ እኔ እናት ከበሽታ አይቆጥሩትም። አዎ ካሉ ጠብታ ገዝታችሁ አትላኩ። ቅቤም፣ ቅጠልም፣ ሎሚም ዓይን ውስጥ አይግባ። ወደ ቀበሌያቸው ጤና ኬላ ይሂዱና «ሽፋሽፍቴ እየወጋኝ ነው» ይበሉ፤ ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፣ ባለሙያዎቹ ወዴት እንደሚልኳቸው ያውቃሉ። በቀዶ ሕክምናው ቀን አብሮ የሚሄድና የሚመልሳቸው ሰው ይኑር፣ ዓይናቸው ታስሮ ነው የሚወጡት። ከተሠራም በኋላ ጸጉሩ ተመልሶ ሊቀለበስ ስለሚችል በየጊዜው ይታዩ፣ መቆርቆር ከጀመረ አይደብቁ።

በሞረትና ጅሩ በእኛ በኩል ያላችሁ ደግሞ እሷን ፈልጓት። ጤና ኬላው ቢዘጋ ቤት ለቤት ናት ማለት ነው፤ ልጆቹን ጠይቁ፣ የትኛው ጎጥ እንደገባች ያውቃሉ።

እህቴ፣ ስምሽን አልጠራሁም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። እማዬ ወረንጦውን ከማተቧ ፈታችው፣ የት እንዳደረገችው እኔም አላውቅም። ለመስቀል እመጣለሁ። ቡናው እኛ ቤት ነው፣ ምስር ወጡን የምትሠራው እማዬ ናት፣ የለቀመችውም እሷው።